ላፕቶፕ ሲጮህ ምን ይላል?

አቃቂ ቃሊቲ የድምፅ አገር ነው። ከጅቡቲ መንገድ ጭነት ይዞ የሚገባው ከባድ መኪና፣ የፋብሪካው ሞተር፣ የወፍጮው ድንጋይ፣ የብየዳ ቤቱ መቁረጫ ሁሉም በየበኩሉ ይጮኻል። ስለዚህም የዚህ አካባቢ ሰው ድምፅ ለይቶ ባለማወቅ የሚታማ አይደለም። ሾፌሩ ሞተሩ ሲነሣ ብቻ ሰምቶ ቺንጋው እንደ ላላ፣ ኩሽኔታው እንደ ተበላ ይናገራል። የወፍጮ ቤት ሠራተኛም ድንጋዩ መወቀር እንደሚያስፈልገው ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃል።

ዳሩ ግን ይኸው ጆሮው የሠለጠነ ሰው፣ ልጁ የምትማርበት ላፕቶፕ አንድ ምሽት በድንገት እንደ አውሎ ነፋስ ማጓራት ሲጀምር ግራ ይገባዋል። አንዱ «ሊፈነዳ ነው» ብሎ ከጠረጴዛው ይሸሻል። ሌላው «ቫይረስ ገብቶበታል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ አንድም ነገር ሳይመረምር ብብቱ ሥር ሸጉጦት ወደ ጥገና ቤት ይሮጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጩኸቱን ለምዶት ዝም የሚለው ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ! ይህን ጉዳይ የቅንጦት ነገር አድርገህ እንዳትመለከተው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ የመውጫ ፈተናውን የሚፈተነው በኮምፒውተር ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም የ12ኛ ክፍል ፈተናን በኮምፒውተር የሚወስዱ ተማሪዎች አሉ። በብዙ ቤት ላፕቶፑ አንድ ነው፤ ታላቅ ለታናሽ፣ እኅት ለወንድም እያዋሰ የሚጠቀምበት፣ ከስልክ ቀጥሎ በቤቱ ውስጥ ውድ የሆነ ዕቃ ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ በከንቱ ሲጣል ወይም በርካሽ ሲሸጥ የሚጎዳው መላው ቤተሰብ ነው።

ማራገቢያው ለምን ተሠራ?

በላፕቶፕ ውስጥ ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ፕሮሰሰር የሚባለው ክፍል ነው። እምብርቱ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አይበልጥም። የሚበላው ኃይል ግን በቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች እንኳ 15 ዋት ያህል ሲሆን፣ ሥራ ሲጸናበት ለአጭር ጊዜ እጥፉንና ከዚያም በላይ ይበላል። ይህ ኃይል በመጨረሻ የሚለወጠው ወደ ሙቀት ነው። አንድ ትንሽ አምፑል የምትሰጠውን ሙቀት ሁሉ በአንዲት ጥፍር ላይ ብታከማቸው ምን ያህል እንደሚያቃጥል መገመት አያዳግትም።

ሙቀቱን ከዚያ የሚያወጣው ጠፍጣፋ የመዳብ ቱቦ ነው። ቱቦው አየሩ ወጥቶለት፣ ጥቂት ፈሳሽ ተጨምሮበት የታሸገ ነው፤ ፈሳሹም አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ነው። ውሃው ፕሮሰሰሩን በነካው ጫፍ ይተንናል። እንፋሎቱ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ሄዶ ሙቀቱን ይጥልና እንደገና ውሃ ሆኖ በቱቦው ግድግዳ ተስቦ ይመለሳል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ አይቸግረውም፤ ያው ማትነንና ማቀዝቀዝ ነው። ይህን ዓይነቱን ቱቦ እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ ሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ሠርቶ ያሳየው ጆርጅ ግሮቨር የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ያን ጊዜ የታሰበው ለጠፈር ጉዞ ነበር፤ ዛሬ ግን እነሆ በየተማሪው ቦርሳ ውስጥ ይገኛል።

በቱቦው ቀዝቃዛ ጫፍ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተጠጋጉ ስስ የብረት ቅጠሎች ተደርድረዋል። ማራገቢያው፣ ማለትም ፋኑ፣ አየር ከሆዱ በኩል ስቦ በእነዚህ ቅጠሎች መካከል ያሳልፍና በጎን ወይም በኋላ በኩል ያስወጣዋል። እንግዲህ ሾፌር የሆንህ አንባቢ፣ ይህ ከመኪናህ ራዲያተር በምን ይለያል? በመጠኑ ካልሆነ በቀር በምንም አይለይም። ራዲያተሩ በጭቃ የተደፈነበት መኪና ዳገት ላይ እንደሚፈላ ሁሉ፣ ቅጠሎቹ በአቧራ የተደፈኑበት ላፕቶፕም በሥራ ላይ ይፈላል።

ፋኑ መጮኹ በራሱ በሽታ አይደለም። ሙቀቱ ከፍ ሲል ላፕቶፑ ፋኑን ያፈጥነዋል፤ በብዙዎቹ ላፕቶፖች ፋኑ በሙሉ ኃይሉ ሲዞር በደቂቃ ከ4,000 እስከ 6,000 ጊዜ ይሽከረከራል። የማራገቢያ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ያድጋል፤ ይህም ለጆሮ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረው። ሙቀቱ በጥቂቱ ሲጨምር ጩኸቱ በብዙ የሚያድግብን በዚህ ምክንያት ነው። ፋኑ ያን ያህል ደክሞም ካልቻለ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ያ ልክ በብዙዎቹ ከ95 እስከ 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጩኸትና መንቀርፈፍ አብረው የሚመጡትም ስለዚሁ ነው።

የአቃቂ አየርና የአቃቂ አቧራ

አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከጅቡቲ ወደብ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። እዚህ የተጣደ የጀበና ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ93 ገደማ የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው። አየሩ ሲሳሳ አንዱ የፋን ዙር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ስለሆነም የአየሩ ሙቀት እኩል ቢሆን፣ ያው አንድ ላፕቶፕ፣ ያው አንድ ሥራ፣ ወደቡ አጠገብ ከሚጮኸው ይልቅ እዚህ ትንሽ በርትቶ ቢጮህ አያስደንቅም። ይህ ማለት ግን ላፕቶፕ ለእኛ አገር አልተሠራም ማለት አይደለም፤ ብዙ አምራቾች ዕቃቸው እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ እንዲሠራ አድርገው ያዘጋጁታል። በደጋችን ቸል የምንለው ትርፍ አቅም አነስተኛ ነው ማለት ብቻ ነው።

አቧራውስ? ስለ አቃቂ ቃሊቲ አቧራ ለነዋሪው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ዋናው መንገድ አስፋልት ቢሆንም ቅሉ፣ በየውስጥ ለውስጡ መንገድ የሚያልፈው ከባድ መኪና በበጋ የሚያስነሣው ትቢያ በመስኮት ይገባል። በዚህ ላይ የወፍጮ ቤት ዱቄት፣ የእንጨት ቤት ፍቅፋቂ፣ የከሰል አመድና የብርድ ልብስ ጥጥ ይጨመርበታል። ፋኑ ከአየሩ ጋር ይህን ሁሉ ይስባል። ደረቁ ትቢያ ብቻ ቢሆን ተነፍቶ ይወጣ ነበር፤ ከጥጥና ከፀጉር ጋር ሲቀላቀል ግን እንደ ባና ይደራና በቅጠሎቹ አፍ ላይ ይለጠፋል።

አንዲት ጎረቤት

በሠፈራችን ወፍጮ ቤት ካለበት ቅያስ የምትኖር አንዲት የመጨረሻ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለች። እናቷ ከዕቁብ በደረሳቸው ገንዘብ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተውላታል። የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ ሦስት ሳምንት ሲቀራት ላፕቶፑ ይጮኽ፣ ይንቀረፈፍም ጀመር። ወደ አንድ ጥገና ቤት ብትወስደው ሳይከፈት «ማዘር ቦርዱ ተቃጥሏል፤ ለመለዋወጫ ከሸጥሽው እኔ እገዛሻለሁ» ተባለች። የቀረበላት ዋጋ ከተገዛበት ሩቡን እንኳ አይሞላም ነበር።

እናቷ በማግሥቱ እኔን አስጠርተው፣ «ልጄ፣ አንተ ይህን ተምረሃል። ይህ ዕቃ እውነት ሞቷል ወይስ ሊወስዱብን ነው?» አሉኝ።

«እትዬ፣ የሞተ አይጮህም። እስቲ መጀመሪያ እንስማው» አልኳቸው።

በዚያ ቀን ከልጅቱ ጋር ያደረግነውን በተራ እነግርሃለሁ፤ ማንም ሰው በቤቱ ሊከተለው የሚችል ነውና።

አንደኛ፤ ድምፁን መለየት። እንደ ነፋስ «ሹ» የሚል፣ ሥራ ሲበዛ የሚያድግ፣ ሥራ ሲቀንስ የሚበርድ ድምፅ የጤነኛ ፋን ድምፅ ነው፤ ሸክም በዝቶበታል ማለት ነው። «ክርር» የሚል ወይም የሚንኳኳ ድምፅ ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል፣ አለዚያም ክንፉን የሚነካው ነገር ገብቷል። ላፕቶፑ ሲበራ ለጥቂት ሰከንድ ጮኾ ዝም ካለ አንዳንዱ ሲነሣ ፋኑን የሚፈትንበት ልማድ ስለሆነ አያሳስብም። በአሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ግን ምናልባት ፋኑ ሳይሆን ሃርድ ዲስኩ ነውና ሌላውን ሁሉ ትተህ ጽሑፍህን በዚያው ሰዓት ወደ ፍላሽ ገልብጥ። የእኛው ላፕቶፕ ድምፅ የነፋስ ነበር፤ ከሥሩ ግን ቀጭን የመንኳኳት ድምፅ ይሰማ ነበር። ያም ሆነ ይህ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን አስቀድመን ገለበጥን።

ሁለተኛ፤ የተቀመጠበትን ቦታ ማየት። ፋኑ የሚተነፍሰው ከሆዱ በኩል ነው። በአልጋ፣ በጋቢ ወይም በትራስ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ አፍንጫው ታፍኗል። ልጅቱ ብርዱን ፈርታ ሌሊት ሌሊት ጋቢ ላይ አስቀምጣ ትሠራ ኖሯል። በዚያም ላይ ከሥሩ ያሉት የላስቲክ እግሮች ሁለቱ ወልቀው ጠፍተዋል። ጠረጴዛ ላይ አድርገን በአራቱ ማዕዘን የለስላሳ ቆርኪ ደገፍንበት። ድምፁ ጥቂት ቀነሰ፤ ነገር ግን አልበረደም።

ሦስተኛ፤ ማን እያሠራው እንደ ሆነ መጠየቅ። በዊንዶውስ ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች በአንድ ጊዜ ብትጫን ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ሲፒዩ በሚለው ዓምድ ከላይ የተሰለፈው ፕሮግራም የጩኸቱ ባለቤት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሃያና ሠላሳ ገጽ የተከፈተበት ብራውዘር፣ ቪዲዮ፣ የጸረ ቫይረሱ ፍተሻ ወይም ዊንዶውስ ራሱን ሲያድስ ነው። እድሳትና ፍተሻ ከሆነ እስኪጨርስ መታገሥ ነው። ስሙን የማታውቀው ፕሮግራም ቀንና ሌሊት ፕሮሰሰሩን ሲበላ ካየህ ግን ተጠራጠር፤ በሰው ኮምፒውተር ተደብቀው ለባለቤታቸው ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ ተንኮለኛ ፕሮግራሞች አሉና። ይልቁንም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ የያዘ ሰው በዚህ በኩል ጥንቃቄውን ማብዛት ይኖርበታል።

ልጅቱ ሁሉንም ዘጋች። ሲፒዩው ወደ 5 በመቶ ወረደ። ፋኑ ግን አሁንም ያጓራል። ፍርዱ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራ ሳይኖር የሚጮህ ፋን፣ ሙቀት በዝቶ ሳይሆን ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ነው የሚጮኸው።

አራተኛ፤ መተንፈሻውን በእጅ መዳሰስ። ፋኑ እየጮኸ ከመውጫው ጠንካራ ትኩስ ነፋስ ከወጣ መንገዱ ክፍት ነው። ጩኸቱ ብርቱ ሆኖ ነፋሱ ደካማ ከሆነ መንገዱ ተደፍኗል። በእኛው ላፕቶፕ መውጫ ላይ ከሶፍት ወረቀት የተቀደደ ስስ ቁራጭ ብናስጠጋ ምንም ያህል አልተርገበገበም።

አምስተኛ፤ መክፈትና ማጽዳት። ላፕቶፑ መጥፋት፣ ቻርጀሩ መነቀል አለበት። የከፈትነውን ቡሎን በተነቀለበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ደረደርን፤ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ማቀላቀል አያሻም። ክዳኑ እንደ ተነሣም በመጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ከቦርዱ አላቀቅን። ፋኑ ሲነሣ የታየው የሚገርም ነበር፤ በቅጠሎቹ አፍ ላይ ዱቄት፣ ትቢያና የጋቢ ጥጥ ተደርቶ እንደ ቁራጭ ባና ሆኖ ተለጥፏል። ልጅቱ በሁለት ጣቷ ይዛ ስትስበው አንድ ሆኖ ወጣ። እናቷ ተመልክተው፣ «እኔ እኮ የሚጮኸው ቦርዱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ታንቆ ነው!» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከየትም አላገኝም።

የቀረውን ትቢያ በለስላሳ ብሩሽ ጠረግን፤ በጎማ መንፊያም ነፋን። ሲነፋ የፋኑ ክንፍ እንዳይሽከረከር በስቴኪኒ ደግፎ መያዝ ይገባል። ከልኩ በላይ የዞረ ፋን ኩሽኔታው ይጎዳል፤ እንደ ትንሽ ዲናሞም ሆኖ ኤሌክትሪክ ወደ ቦርዱ ሊልክ ይችላል።

ስድስተኛ፤ ፔስቱን ማየት። በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል ሙቀት የሚያሻግር ቴርማል ፔስት የሚባል ቅባት አለ። በዓመታት ብዛት ይደርቅና እንደ ኖራ ይሰነጣጠቃል። አጽድተህም ላፕቶፑ ቶሎ ቶሎ የሚግል ከሆነ የሚለወጠው ይህ ነው። አሮጌው በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ተጠርጎ ሲደርቅ፣ አዲሱ የሽምብራ ፍሬ የማያክል ይቀባል። ይህን ግን እጁ ላልለመደ ሰው አልመክርም፤ የመዳቡ ቡሎኖች በየተራ ጥቂት ጥቂት እየተባሉ እኩል ካልጠበቁ ፕሮሰሰሩን ሊሰነጥቁት ይችላሉ።

ዕቃው ተገጥሞ ሲበራ፣ ነፋሱ ከመውጫው በትኩሱ ወጣ፤ ከጥቂት ደቂቃም በኋላ ድምፁ በረደ። ያ ቀጭን መንኳኳት ግን አልጠፋም። ኩሽኔታው ለብዙ ጊዜ በሩጫ ስለ ኖረ ተበልቷልና አንድ ቀን ፋኑ መለወጡ አይቀርም። ፋን መለወጥ ግን ላፕቶፕ ከመለወጥ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም። ልጅቱ የመመረቂያ ጽሑፏን በቀኑ አስረክባለች።

የማይደረጉ ነገሮች

በጎ አስበው ጉዳት የሚያደርሱ ብዙዎች ስለሆኑ የሚከተለውን ማሳሰብ አስፈላጊ ሆኖ አግኝቸዋለሁ።

ላፕቶፕ ይዘህ ጎሚስታ ቤት አትሂድ። የጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር ግፊቱ ብርቱ ነው፤ ከአየሩ ጋርም ውሃና ዘይት ይተፋል። በቫኪዩም ክሊነርም አትሳበው፤ በሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ቦርዱ ሊጎዳ ይችላል። የሚንኳኳ ፋን ላይ የምግብ ዘይት ማንጠባጠብ ለአንድ ቀን ዝም ያሰኘው ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን አቧራ ሰብስቦ ሙጫ ይሆናል። በፔስት ፈንታ የጥርስ ሳሙና መቀባት ቀልድ ነው፤ ይደርቅና ከበፊቱ የባሰ ይሆናል። የጋለ ላፕቶፕ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባትም ውስጡ ጤዛ እንዲያዝ ማድረግ ነው። ጩኸቱን ለማስቀረት ብሎ የፋኑን ገመድ መንቀል ደግሞ የሚያለቅሰውን ሕፃን አፉን እንደ ማፈን ነው።

ከሁሉ በላይ፣ የላፕቶፑ ሆድ አብጦ ወይም የመዳሰሻው ሰሌዳ ወደ ላይ ተነሥቶ ካየህ፣ ያበጠው ባትሪው ሊሆን ይችላል። ወዲያው አጥፋው፤ ቻርጅ አታድርገው፤ አትጫነው፤ አትውጋው። ይህ ለባለሙያ የሚተው ነው።

ወደ ጥገና ቤት ሲኬድ

ይህን ስል የጥገና ሙያተኞችን ሁሉ መውቀሴ አይደለም። በየሠፈሩ ካቻቢቴና ማጉያ መነጽር ይዘው በሐቅ የሚሠሩ፣ ሙያቸውንም በራሳቸው ጥረት የተማሩ ወጣቶች አሉ። ባለዕቃው ምንም ሳያውቅ ሲቀርብ ግን ሐቀኛውን ከአታላዩ መለየት አይችልም። ስለዚህ ሦስት ነገር ጠይቅ። በመጀመሪያ፣ ዕቃው ፊትህ ተከፍቶ ፋኑና ቅጠሎቹ ይታዩህ። ሁለተኛ፣ ተለወጠ የተባለውን አሮጌ ዕቃ መልሰህ ተቀበል። ሦስተኛ፣ ሳይከፍት ፍርድ ለሚሰጥ ሰው አትሽጥ። ዋስትናው ያላለቀ አዲስ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ራስህ ሳትነካው ወደ ሻጩ ውሰደው።

ፋን የሌለው ላፕቶፕ የለም ወይ? የሚል አንባቢ ይኖራል። አለ። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» በሚባለው እቅድ ለአገራችን ተማሪዎች የታደሉት ትንንሽ አረንጓዴና ነጭ ኮምፒውተሮች ፋን አልነበራቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጣው የአፕል ማክቡክ ኤርም እንዲሁ የለውም። ቢሆንም የአብዛኛው ሰው ላፕቶፕ ባለፋን ነውና ያለንን መጠበቅ ይሻላል።

መጠበቁም ብዙ አይጠይቅም። ላፕቶፑ ሲጠፋ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ ሲሠራ ግን ገላልጦ ጠረጴዛ ላይ ማኖር፤ አቧራ በሚበዛበት ሠፈር በስድስት ወር አንድ ጊዜ ማጽዳት፤ በተለይም የበጋው ትቢያ ሲያበቃ መመልከት ይበቃል። በየወረዳው ያሉት የወጣት ማዕከላትና ትምህርት ቤቶችም ከፈተና ወራት በፊት አንድ ቀን ወስነው፣ ሙያው ያላቸው ወጣቶች የተማሪዎችን ላፕቶፕ እንዲያጸዱ ቢያደርጉ፣ ጥቂት ብሩሽና ጥቂት ፔስት ብቻ ወጥቶበት የስንቱ ቤተሰብ የዕቁብ ገንዘብ በዳነ ነበር።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለ እሳት ብቻ አይደለም። ፋኑ የሚጮኸው ገና ሳይቃጠል፣ የሚሰማው ሰው ሲፈልግ ነው። እንስማው።